የሚያመኝ ግራው ነው

እጄ ኳስ ሳይነካ የዋለበት ቀን ካለ፣ ያን ቀን ሞቼ ነበር ማለት ነው፤ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ቅርጫት ኳስ መጫወት የጀመርኩት መራመድ ሳልጀምር ነው። መተዳደሪያዬም እሱው ሆኖ ቀረ። በሠርጋችን ቀን ቀለበቱን ከሦስት ሜትር ወርውሬ ነው ሚስቴ ጣት ላይ ያሳረፍኩት። እሷ የምታስታውሰው ግን ቀለበቱ ከእጄ አምልጦ፣ እኔ ወንበር ሥር በእንብርክኬ ስፈልገው ነው። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ይሁን አላውቅም፣ ከአፌ የሚወጣውን ሁሉ ለአራት አካፍላ ነው የምታምነው።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ቡድኑ ውስጥ «ማማው» ይሉኛል፤ ደመና ዝቅ ባለ ቀን ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው። ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣና ውሌን ከማደሱ በፊት ጠዋት ሐኪም እንድታየኝ፣ ከሰዓት ደግሞ እሱ ራሱ በልምምድ ጨዋታ ሊያየኝ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ወይ ፊርማ፣ ወይ ቤት።

ቤትና እኔ አንስማማም። አምና እረፍት ላይ ሳለሁ ኮሪደር ውስጥ ኳስ ሳነጥር አምፑሉንም መስታወቱንም ጨርሻለሁ። ከታች ያለው ጎረቤታችን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድብ፣ እኔ እያጀበኝ መስሎኝ ጨመርኩበት።

አሁን አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ። የሚያመኝ ቀኝ ጉልበቴ ነው። ማሰሪያውን የማጠልቀው ግን ግራው ላይ ነው። ተከላካይ የሚባል ፍጡር የታመመ እግር ከሩቅ ይሸተዋል፤ ትከሻውን አሹሎ ወደዚያው ይገፋሃል። ታዲያ ይግፋኝ፣ ግን በጤነኛው በኩል። በዚህ ዘዴ ቂል ያደረግኳቸው ተከላካዮች ቢሰበሰቡ ስታዲየም ይሞላሉ። እውነቱን የምታውቀው ማታ ማታ ቀኙን በቅባት የምታሸው ሚስቴ ብቻ ናት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና ከመቀመጤ ማሰሪያውን ፈታ ግራውን ታጥፈው፣ ትዘረጋው፣ ታንኳኳው ጀመር። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉልበት አይቼ አላውቅም አለች። ከእሷ በፊት ሦስት ፕሮፌሰሮች ይህንኑ ብለው እንዳለቀሱ ነገርኳት። ቀኙስ ስትለኝ፣ እሱ ፈረስ ነው፣ አትድከሚ አልኳት። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ተጫዋቾች ስለነበሩ አልደከመችም።

ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግራው እንዲህ አምሮ የዳነው ስለተጠበቀ ነው ብላ ደመደመችና ለአሰልጣኙ ደወለች። ውድድሩ እስኪጀመር ግራውን እንዳላስጨንቀው፣ ክብደቴን ሁሉ በቀኙ እንድሸከም አዘዘች።

ከሰዓት አሰልጣኙ መስመሩ ላይ ቆሞ ለዝላይ በተዘጋጀሁ ቁጥር «በቀኝህ» ይለኛል። በቀኜ ስነሳ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ሰው ብርጭቆ ይረግጣል። እኔ ግን ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፈገግ እንዳልኩ ነኝ። ሚስቴ ውጤቱን ከእኔ አፍ ከምሰማ በዓይኔ ልየው ብላ መጥታ፣ ተመልካች መቀመጫው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ታየኛለች። የመጀመሪያው ግማሽ እንዳለቀ ወደ እኔ ወረደች።

«ንገረው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከነገርኩት ቤት ይልከኛል።»

«ቤት ሰው ይኖርበታል እኮ። እኔ ራሴ እኖርበታለሁ።»

«አንቺ ጠዋት ተነስተሽ የምትሄጂበት አለሽ። እኔ ወዴት ልሂድ?»

ቀኝ ጉልበቴን አየችው፤ አብጦ ሐብሐብ አክሏል። የቤታችንን ደረጃ ተሸክሜህ አልወጣም፣ አንተን የሚያህል ሰው በየት በኩል ይያዛል ብላኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሁለተኛው ግማሽ ላይ ብልጥ ልሁን አልኩ። ኳስ ሲመጣልኝ ማቀበል፣ አለመዝለል፣ ጊዜው እስኪያልቅ ጥግ ጥጉን መሄድ። ጥቂት ደቂቃ ሠራልኝ። እግሮቼ ግን እንደታሰረ ጥጃ ይቁነጠነጣሉ፣ መዳፌ ይበላኛል።

ከዚያ አንዱ የወረወረው ኳስ የቅርጫቱን ብረት መታና ወደ ላይ ጎነ። ያን ጊዜ ውልም፣ ሐኪምም፣ ጉልበትም ትዝ አላለኝም። አየር ላይ ባለቤት የሌለው ኳስ ሳይ ከልጅነቴ ጀምሮ የሆነ ነገር ከመሬት ይነቅለኛል፤ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ወሬኛው እኔ እንኳ ቃል የለኝም። ተነሳሁ። ከታች ያሉት ሻይ አፍልተው እስኪጠጡ እዚያው ላይ ቆየሁ፣ ኳሱን በአንድ እጄ ያዝኩት፣ ከትቼው ወረድኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በአድናቆት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

የተነሳሁት በግራዬ ነበር።

አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋና መጣ። ፊቴ በርከክ ብሎ፣ ማሰሪያ ያለበትን ጉልበት አልፎ ቀኙን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣሪያው ተከፍቶ ከዋክብት አየሁ።

«ጋሼ» አለኝ፣ እንደተንበረከከ። «ተጫዋች ሳለሁ ሁለት የውድድር ዘመን አንተን እንድጠብቅ ተመድቤ ነበር። በግራህ በኩል ስገፋህ ነው የኖርኩት።»

«አስታውሳለሁ። ትከሻህ ደህና ነበር።»

«በአንድ ጨዋታ ሠላሳ ነጥብ አገባህብኝ። አሰልጣኜ ግማሹን ዓመት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።»

ሃምሳ ነው ልለው አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እንዲህ ያለ ነገር ስውጥ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ።

ሁለቱን ጉልበቶቼን እያፈራረቀ አያቸው። በመጨረሻ ተነስቶ ልብሱን አራገፈና እንደሚያስፈርመኝ ነገረኝ፤ ግን በየጨዋታው የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የምገባው፣ እስከዚያ ወንበር ላይ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ። ምሳ እንኳ ቆሞ ለሚበላ ሰው ይህ እስር ቤት ነው። አምስት ደቂቃ ግን አምስት ደቂቃ ነው። ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ አልኩ።

ተቀመጥኩ። ሜዳው ላይ ኳሱ ሲነጥር ተረከዜ አብሮት ይነጥራል። አግዳሚው ሲንቀጠቀጥ አጠገቤ ያለው ተቀያሪ የያዘው ውሃ ደረቱ ላይ ተደፋበት፤ እያጉረመረመ ወደ ጫፍ ሸሸ። አሰልጣኙ በዓይኑ ጠርዝ ገረፍ አደረገኝ።

«ማማው፣ ተቀመጥ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ» አልኩት። እንደኔ ዓይነት ቁመት ያለው ሰው ቢቀመጥም አያስታውቅም። «ስንት ቀረ?»

«አሁን ነው እኮ የተቀመጥከው» አለኝ።