መጀመሪያ ሰላምታው

ጀምበሩ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠ ሰው አይሰማም። ከደብረ ብርሃን ወደ ጭሮ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ፣ የቡና ገበሬዎቹን ማኅበር ቢሮ ዘመናዊ ካላደረግኩ ሞቼ እገኛለሁ ያለ ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሠራተኞቹ እርስ በርስ በሚጻጻፉበት መተግበሪያ ላይ፣ ለገበሬዎቹ ስልክ የጽሑፍ መልዕክት መላኪያ ገጠመበት። ስማቸውንና ቁጥራቸውን ያስገባችው የቢሮው ሠራተኛ ጣሂራ ናት። ገበሬዎቹ ያሉበት የመቻራ ልጅ ስለሆነች ማን የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች።

ከሁሉም በፊት ያስገባችው የአባቷን የአብዱላሂን ቁጥር ነበር። አብዱላሂ፣ ልጃቸው የመጣላትን ባል እምቢ ብላ ጭሮ ሥራ ከገባች ወዲህ አኩርፈዋታል፤ ስትደውል አያነሱም። እሳቸው ደግሞ ማኩረፍ ያውቁበታል።

ታዲያ ረፋዱ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ መቻራ ላይ ያለወቅቱ ከባድ ዝናብ እንደሚጥል ወሬው መጣ። ቡናው ተለቅሞ በየማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። የአባቷም ቡና እዚያው ነው። ደወለችላቸው፤ አላነሱም።

«ለዚህ አይደል እንዴ የገጠምነው?» አለ ጀምበሩ። «ዛሬ ዝናብ ይጥላል፤ ቡናችሁን ሸፍኑ» ብሎ አስጻፋት። ወደ ኦሮምኛ ተረጎመችውና በአንድ ጊዜ ለሁሉም ላኩት።

ጠበቁ። አንድም ሰው መልስ አልሰጠም። ጣሂራ መቻራ ላለው ቡና ሰብሳቢ፣ ለቡርሃን ደወለች።

«ደርሶናል» አላት ቡርሃን ቀዝቀዝ ብሎ። «ሰላም እንኳ ሳይል ሸፍኑ እያለ የሚያዝ ማን ነው? ሎተሪ ደረሳችሁ የሚሉት አጭበርባሪዎች መስለውን ተውነው።»

«እኛ ነን እኮ የላክነው።»

«በይ እንግዲህ እኔ ያጠገቤን ሰው እነግራለሁ። ሌላው በየተራራው ተበትኗል፤ በምን እደርስበታለሁ?»

ጣሂራ ስልኩን ዘግታ ራሷን ታዘበች። ለመሆኑ በእነሱ አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥና ሳይመለስለት ወሬ ጀምሮ ያውቃል? ይህን ከጀምበሩ ማን ይጠብቃል፤ እሷ ግን ምን ነካት?

«መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ እንላክ» አለችው። «ሲመልሱልን ወሬውን እንነግራቸዋለን።»

«ዝናቡ ይጠብቅሻል?» አለ ጀምበሩ፣ ደመናውን በመስኮት እያየ።

እሷ ግን «አሰላሙ ዓለይኩም። ጣሂራ ነኝ፣ የመቻራው የአብዱላሂ ልጅ። ከጭሮ ቢሮ ነው» ብላ ጻፈችና ላከችው።

ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ወዓለይኩሙ ሰላም» አለ። ሌላው ተከተለ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፤ ሰላምታ ሳይመለስ አይተው ነገር፣ እዳ ነው፤ ስክሪኑ መልሱን መያዝ አቃተው። ቤተሰብ ደህና ነው? ከብቱስ? አላህ ያቆይሽ። ሀዲያ የምትባል አሮጊት፣ ከወንዝ ማዶ ያሉ ወንድማማቾች፣ ስማቸውን ብቻ ስትጽፍ የሰነበተችላቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ አፍታ በሩን ከፍተው የገቡ መሰላት። ጀምበሩም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ውስጥ ነበር?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የዝናቡን ወሬ ላከች። «እየሸፈንን ነው» የሚል መልስ ይጎርፍ ጀመር። እሷ ግን አንድ ስም ትፈልጋለች። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች፤ አብዱላሂ የለም። ለሰላምታዬም እንኳ መልስ ከለከሉኝ ማለት ነው ብላ እንባዋ መጣ። ከደጅ የጭሮ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ።

ጀምበሩ ነው ቀድሞ ያየው። በጣቱ አሳያት።

«ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። እጄ ቡናው ላይ ስለነበር ነው የቆየሁት። ሸራ አልብሰን ስንጨርስ ዝናቡ መጣ። አንቺ ምሳ በላሽ?»

ጣሂራ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«ጀምበሩ» አለችው፣ «ለአንድ ሰው ብቻስ እንዴት ነው የሚላከው?»