ጥያቄ የሌለበት ማዕድ

ለጎዳና ተዳዳሪዎች በነጻ በሚያበላው ምሳ ቤት አንድ የጸና ደንብ ነበር፤ እንግዳ አይጠየቅም። ማን ነህ፣ ለምን ጎዳና ወጣህ ብሎ ነገር የለም። ሲመጣ ሾርባና ዳቦ ይቀርብለታል፣ ሲቀር ደግሞ አልፎለት ነው ይባላል። በጎ ፈቃደኞቹ በዚህ ደንብ ይኮራሉ። ከእነሱ አንዷ የሆነችው ልብስ ሰፊም ትወደዋለች፤ ከቤት ወጥቶ የጠፋው ታናሽ ወንድሟ እዚህ መጥቶ መብላት የጀመረው ማንም ስለማይጠይቀው ነውና። እሷም እንደ ማንኛውም እንግዳ ሾርባውን ትቀዳለትና ታልፋለች። አንዲት ቃል ብትናገረው ዳግም ዝር እንደማይል ታውቃለች።

በዚህ መሀል ነው ሾፌሩ የመጣው፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ከአፉ ማር ጠብ የሚል ሰው። እርሻ ላይ ሥራ አለ፣ ማደሪያም አለ እያለ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዎች በሚኒባሱ ይወስዳል። ሲመለስም ባዶ እጁን አይመጣም፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ልባሽ ልብስ ይለግሳል። ደግ ሰው ሲያዩ ማሰብ የሚያቆሙ ሰዎች አሉ፤ የምሳ ቤቱ ሰዎች እንዲያ ነበሩ። የተወሰዱት ለሰላምታ እንኳ ብቅ ብለው እንደማያውቁ ማንም ልብ አላለም። አለፈላቸው፣ በቃ።

ያን ዕለት ምሳ እየተበላ ሳለ ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ገብታ ሾፌሩ ያመጣውን ልብስ ትለይ ጀመር። አንድ ቡናማ ኮት ጎትታ ስታወጣ ክው አለች። ግራ እጅጌው ክርኑ ላይ ተቆርጦ ተሰፍቷል። የሰፋችው ራሷ ናት፣ አንድ እጁ ለሌለው ለዚያ ቀልደኛ። "እትዬ፣ እጅጌውን በግማሽ ስላስቀረሽው ምርቃቱም ግማሽ ነው" ብሎ አስቋት ነበር። ከሾፌሩ ጋር ከሄደ ሰነባብቷል።

ኮቱን ይዛ ወደ ኃላፊው፣ ወደ ጡረተኛው መምህር ሮጠች።

"ጋሼ፣ ይሄ የማን እንደሆነ ያውቃሉ? ሰውየውስ የት ነው?"

"አዲስ ልብስ ተሰጥቶት ይሆናላ!" አሉ መምህሩ ድስቱን እያማሰሉ። "ደሞ ደንባችንን ረሳሽው እንዴ ልጄ? አንጠይቅም እኮ።"

"ይሄ ኮት እኮ ከላዩ ወርዶ አያውቅም! ለብሶት ነው የሚተኛው!"

"ቀስ በይ እንጂ፣ እንግዶቹን ታስደነግጫለሽ።"

ዞር ስትል የወንድሟ ወንበር ባዶ ነው። ሾርባው ገና ይጨሳል።

ደጅ ስትወጣ የሚኒባሱ ሞተር ተነስቷል። ወንድሟ ከኋላ ብቻውን ተቀምጦ ፈገግ አለላት፤ እንዲህ ፈገግ ሲልላት ካየች ስንት ዘመኗ!

"ውረድ! በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ውረድ!"

ፈገግታው ጠፋ። "ይኸው ጀመርሽ እትዬ! እኔ ሥራ ሳገኝ ምን ይቆጭሻል? አልወርድም!"

ሾፌሩ ቀልጠፍ ብሎ ወረደና እጅ ነሳት። "እህቱ ነዎት? ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል፣ እርስዎም ይምጡና ቦታውን ይዩታ። መቀመጫ ሞልቷል።"

ወደ ኋላዋ ዞረች። መምህሩ በራፉ ላይ ቆመው፣ ደስ ብሏቸው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ ይሸኛሉ። ብትጮህ አበደች ይሏታል። ብትቀር ወንድሟን ዳግም አታየውም። እሱን ለብቻው መስደድ አንጀቷ እንቢ አላትና ገባች።

ሾፌሩ በሩን ከውጭ ገፍቶ ዘጋው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በአንድ እጇ የወንድሟን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ በሌላው የበሩን መክፈቻ ትዳብስ ጀመር። በሩ ከውስጥ መክፈቻ የለውም።