የግራው ክምር

«ለቅሶ ቤት ተቀምጠሽ ካርታ ትጫወቻለሽ?»

አጎቷ ይህን ያላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ ነው። ሳሎን ያሉት እንግዶች እንዳይሰሙት በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። እሷ በወንድሟ ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትናንሽ ወረቀቶችን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ከሩቅ ለሚያያት እሱ እንዳለው ነው የምትመስለው።

«ካርታ አይደለም» አለችው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አንዱን ወረቀት ዘረጋችለት። መነጽሩን ሳሎን ትቶት ስለመጣ አርቆ፣ ደግሞ አቅርቦ አየውና ምንም ሳይገባው መለሰላት። የፈለገው ቢሆን ሰው ይመጣል፤ ሰው ያያል፤ ሰው ያወራል አላት። ቀጥሎ በአገጩ ወደ መደርደሪያው አመለከተ። ይሄ የሚጮኸውስ እስከ መቼ ነው? ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆነ እኮ፤ የሚያጽናና ሰው የሚናገረው አይሰማ።

«አይጠፋም» አለች።

«ለምን?»

«አይጠፋማ።»

አጎቷ ራሱን እየነቀነቀ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። እንዲህ ቆርጣ የምትመልስ ልጅ አልነበረችም። ሻይ ስታቀርብ እንኳ ብርጭቆው እንዳይሰማ ተጠንቅቃ የምታስቀምጥ፣ ሰው ረግጧት ይቅርታ የምትጠይቅ ናት። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር የምትናገረው ሌላ ሴት ናት፤ ያቺን ሴት ራሷም ስለፈራቻት ነው ሳሎኑን ሸሽታ እዚህ የተቀመጠችው።

መደርደሪያው ላይ ያረጁ የኔትወርክ መሣሪያዎች ተደራርበዋል። ወንድሟ የሚሠራበት ድርጅት አርጅተዋል ብሎ ሲጥላቸው ለምኖ፣ በጀርባው ተሸክሞ ያመጣቸው ናቸው። «ቤተ ሙከራዬ» ይላቸው ነበር። መጀመሪያ ሲያበራቸው ማራገቢያቸው ሲያጓራ እናታቸው ከጓዳ ወጥታ፣ አውሮፕላኑ የት ሊያርፍ ነው ብላ ጠይቃዋለች።

የወንድሟ ሥራ ኬብል መዘርጋት ነበር። ውሎው ጣሪያ ለጣሪያ፣ መሰላል ለመሰላል ነው። የኔትወርክ ባለሙያነት ፈተናውን ካለፈ ግን ከመሰላል ወርዶ ወንበር እንደሚሰጠው አለቃው ቃል ገብቶለታል። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ታጥቦ፣ እነዚህን የጥያቄ ካርዶች ለእሷ አስታቅፎ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ፈተናው የሚሰጠው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ካርዶቹን የጻፋቸው ግን እናቱ በሚገባት ቋንቋ ነው። ለእናቴ ላስረዳው የማልችለው ነገር አልገባኝም ማለት ነው ይል ነበር። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ። የመለሰውን ካርድ ወደ ቀኝ፣ የሳተውን ወደ ግራ ትከምራለች። ግማሽ መልስ አትቀበልም፤ ለዚህም «ፈታኟ» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ከግራው ክምር ወጥቶ የማያውቅ አንድ ካርድ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምን እንደሚጠፋ የሚጠይቅ ነው። መልሱን አጥቶት አይደለም፤ ባነሳችው ቁጥር ይቀልዳል።

«እራቴ።»

«ግራ» ትለዋለች፤ እየሳቀች።

የሚጠፋው ያልተቀመጠው ሥራ ነው። መሣሪያው ላይ የሠሩትን ሁሉ አስቀምጥ ብለው ካላዘዙት፣ ገመዱ በተነቀለ ቅጽበት እንዳልነበር ይሆናል። ወንድሟ ይህን እያወቀ ሥራው እስኪሰምርለት ድረስ አያስቀምጥም። ስህተቱን ካስቀመጥኩት ነገ የምነሳው ከስህተቱ ነው ይላል። መብራት ቢጠፋብህስ ስትለው፣ እንደገና እሠራዋለኋ ብሎ ትከሻውን ይሰብቃል። የመጨረሻው ሥራው ግማሹ ሄዶ ግማሹ ቀርቶ አሁንም እዚያ መደርደሪያ ላይ፣ በዚያ ጩኸት ውስጥ አለ። እሷ እንዳታስቀምጥለት የምስጢር ቃሉን አታውቀውም፤ እሱ ይዞት ሄዷል። ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ግን አለ።

ከሰዓት አለቃው መጣ። አጎቷ ከወንበሩ ተነስቶ እሱን አስቀመጠው። በተከፈተው በር በኩል የሚናገረው እየተቆራረጠ ይደርሳታል። እንደ ልጄ ነበር አለ። እንደ እሱ ያለ ታታሪ አላየሁም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ የዚያን ዕለት እኔ ተው ብዬው ነበር፣ ፈተና አለብህ ብዬው ነበር፣ እሱ ነው እሄዳለሁ ብሎ የተነሳው አለ።

ካርዶቹ እጇ ውስጥ ተጨማደዱ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሸሚዙን የምትተኩስለት እሷ ነበረች። አለቃው ሲደውል ጫማውን እያሰረ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቀቀው። የአንድ ደንበኛ መስመር ተቋርጧል። «ፈተናው የትም አይሄድም፤ ደንበኛው ግን ይሄዳል» አለ አለቃው። እምቢ በለው ብላ በእጇ ምልክት አሳየችው። ወንድሟ አይኑን አሸሸና «እሺ» አለ። ለሁሉም እሺ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እሺ። ለዚህ እሺታው ዛሬም ብታገኘው በጥፊ ትለዋለች። ከእሱ ጋር የሚሄድ ሌላ ሰው አልተላከም፤ መሰላሉን የሚይዝለት አልነበረም፤ ወደቀ። የተኮሰችውን ሸሚዝ ከሆስፒታል በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ሰጧቸው።

አለቃው ሊሰናበታት ወደ ክፍሉ ገባ፤ አጎቷም ተከትሎት በሩ ላይ ቆመ። ሰውየው «ወንድምሽ እኮ» ብሎ ጀመረና ድምፁ በማራገቢያው ተዋጠበት። ጮክ ብሎ ሞከረ። ከዚያ ፊቱን አጨማደደና ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው።

ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ ዝም አለ። አረንጓዴዎቹ መብራቶች አንድ ላይ ጠፉ። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ሳሎን ማንኪያ ሲቀመጥ ይሰማል።

«ምን አደረጉ?» አለች ተነስታ።

«እንድንደማመጥ ብዬ ነው እህቴ። መልሰን እንሰካዋለን።»

«አላስቀመጠውም ነበር።»

ሰውየው የሙያው ሰው ነውና ወዲያው ገባው። እጁ ላይ የቀረውን ገመድ አየ። «እንዴት ሳያስቀምጠው ይሄዳል?»

«ሊመለስ ነበራ» አለች። «ፈተናው የትም አይሄድም ሲሉት እኔ እዚህ ሸሚዙን እተኩስ ነበር፤ ስልኩ ክፍት ነበር። እሄዳለሁ አላለም። እሺ ነው ያለው።»

አልጮኸችም። ጸጥታው ግን እያንዳንዱን ቃል ሳሎን ድረስ አደረሰው። አለቃው የሚረዳው ፈልጎ ወደ አጎቷ ዞረ። ቀድሞ ወንበሩን የለቀቀለት አጎቷ አሁን የራሱን ጫማ ያያል። ከሳሎን፣ ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልወጣት እናቷ ተናገረች።

«ሸኙት።»

አጎቷ በሩ ድረስ ሸኘው። እጁን አልጨበጠውም።

እሷ ገመዱን መልሳ ሰካች። ማራገቢያዎቹ እንደ ቀድሞው አጓሩ፤ መብራቶቹ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆኑ። ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ዛሬ ከፋብሪካ እንደወጡ ስሙንም ሥራውንም አያውቁም። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና የተጨማደዱትን ካርዶች እያቃናች በየክምራቸው መለሰች።

አጎቷ ተመልሶ ሲመጣ መነጽሩን አድርጎ ነበር። ስለ ጩኸቱ ምንም አላላትም። መሬቱን በእጁ ተደግፎ እያቃሰተ አጠገቧ ተቀመጠና ከግራው ክምር የላይኛውን ካርድ አነሳ።

«ኤሌክትሪክ… ሲቋረጥ…» እንደ ተማሪ ፊደል እየቆጠረ አነበበ። «የሚጠፋው ምንድን ነው?»

ጠበቃት።

«እራቴ» አለች።

ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። በመነጽሩ አናት በኩል ቀና ብሎ አያት።

«እንደሱ አይልም እኮ ልጄ።»

«ግራ» አለችው።

አጎቷ ካርዱን በግራው ክምር ላይ መልሶ አስቀመጠና ሌላ አነሳ።