ጂፒኤሱ የዞረው ወደ ማን ነው

እናቴ «እናንተ አባትና ልጅ መቀመጫችሁ ላይ እሾህ በቅሏል» ትለናለች። ውሸቷን አይደለም። እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ሥራዬን የመረጥኩትም ወንበር ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም። አባቴ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር ተቆጣጣሪ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው መንገድ በሌለበት ሁሉ በኮረኮንች ሞተር ብስክሌቱ ከምሰሶ ምሰሶ ሲሮጥ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ይውላል። በር ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል፤ የማያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል፤ ያንኳኳ ሰው ያለ ይመስል አጥሩ ጋ ሄዶ ይመለሳል።

ያን ቀን ሞተሯ ልትሸጥ ነበር። ገዢው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እንድትሸጥ ያስወሰነችው እናቴ ናት፤ ባለፈው ሰሞን አባቴ ነፋስ ልቀበል ብሎ በሞተሯ እንደወጣ ሳይመለስ መሸ፤ ስልኩም ዝግ ነበር። አቧራ ለብሶ ሲገባ ጎማ ፈነዳብኝ አለ። እናቴ አልጮኸችም። «ወይ እሷ ወይ እኔ» ብቻ አለችው። እናቴ ስትጮህ ነገሩ ያልፋል፤ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው የሚያስፈራው።

እኔን ለብቻዬ ጠርታ «እሱ ነገር ማጓተት ይችልበታል። ሞተሯ ከግቢ እስክትወጣ አጠገቡ ሁኚልኝ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። የምሬን ነበር። ጉልበቱ ታሟል፤ አንድ ቀን የሆነ ገደል ሥር ወድቆ ይገኛል እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ጠዋት ስደርስ አባቴ ሞተሯን ግቢው መሀል አቁሞ፣ ካቻቢቴና የብሎን ቁልፎች በጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ መሪዋ ላይ አንድ ነገር እያሰረ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጂፒኤስ ነው። ለገዢው።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ሰውየው ቀያሽ ነው። ሲዞር የሚውለው ዱር ለዱር ነው። ተገጥሞ ሲያገኘው ደስ ይለዋል።»

«ለምትሸጥ ሞተር ጂፒኤስ ገዛህ?»

«ስትሄድ አምሮባት ትሂድ። ይልቅ ነይ፣ የኤሌክትሪኩ ነገር ያንቺ ነው፣ ሽቦ።»

«ሽቦ» የሚለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ያኔ ቀጭን ስለነበርኩ ነው፤ አሁን ግን አልታጠፍም ብዬ ስለማስቸግረው ነው ይላል።

እውነቱን ለመናገር አገጣጠሙን አሳምሮታል። ማቀፊያው መሪውን እንዳይፍቀው፣ የሞተሯም ንዝረት መሣሪያውን እንዳይሰብረው፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ቆርጦ ከሥሩ ጠቅልሎበታል። ብሎኖቹን ያጠበቃቸው ሳያጨናንቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ወጋኝ፤ የመሣሪያው ፊት ወደ ታች አዘንብሏል። በኮረኮንች የሚነዳ ሰው ደግሞ መርገጫው ላይ ቆሞ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ፊቱ ቀና ብሎ ወደ ቆመ ሰው ዓይን ማየት አለበት። ብሎኑን አላልቼ ቀና አደረግኩትና ፒንሳዬን ላመጣ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ስመለስ ወደ ታች ተመልሷል።

«አባዬ፣ ነካካኸው እንዴ?»

«ፀሐይ እንዳያንጸባርቅበት ነው።»

እንደገና ቀና አደረግኩት። ኮርቻውን ፈትቼ ወደ ባትሪው ጎንበስ ባልኩበት የብሎኗን ጭርጭርታ ሰማሁ። ከግቢው ጥግ፣ ከእናቴ የስፌት ክፍል፣ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይመጣል። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መስኮቷ ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው። ስፌቱ ሲቋረጥ እኛን እያየች እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስናወራ የስፌቱን ድምፅ እየጠበቅን ነው።

ገመዱን በታንከሯ ሥር አሳለፍኩት፤ መሪው ሲዞር እንዳይወጠር አንገቷ ጋ ትንሽ ላላ አድርጌ አሰርኩት። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ሰላም ነው። የባትሪውን ኃይል ለመሣሪያው ቀንሳ የምትሰጠውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርጌ ደበቅኳት። ቀሪው ነገር አንድ ነበር፤ ኃይሉን ከየት ልውሰድ?

«ከቁልፉ በኋላ አደርገዋለሁ» አልኩት። «ሞተሯ ስትነሳ ይበራል፣ ቁልፉ ሲዘጋ ይጠፋል።»

«አይሆንም። በቀጥታ ከባትሪው አድርጊው። እንዳይጠፋ።»

«አባዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየመጠጠ ባትሪውን ይጨርሰዋል እኮ!»

«ይጨርሰዋ!»

«ሰውየው ጠዋት ተነስቶ ሞተሩ አልነሳ ሲለው የሚረግመው እኔን ነው። ይሄን የመሰለ ሥራ ከእጄ አይወጣም።»

«ስሚኝማ» አለ፤ ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲጠፋ ችግር አለው። ሰውዬው አንድ ቦታ ይቆማል እንበል። ሞተሩን ያጠፋል። ይሄም አብሮ ይጠፋል። መልሶ ሲያበራው ሳተላይት እስኪያገኝ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ባዶ ነው የሚያሳየው። ያኔ ሰውዬው እዚያ ቆሞ... ያቺ ጊዜ ጥሩ አይደለችም።»

«የትኛው ሰውዬ?»

የፈታሁትን ኮርቻ ቦታው መለሰው። ሞተሯ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ የታመመውን እግሩን በእጁ አንስቶ ነው ያሻገረው። የጂፒኤሱ ፊት ልክ ዓይኑን ያይ ነበር። ለቆመ ሰው አይደለም የተገጠመው፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት መርገጫ ላይ መቆም ለማይችል ሰው ነው። ለሱ ነው።

ደሜ ፈላ። «አንተ ልትሸጣት አላሰብክም! ቀያሹን በምን ልትመልሰው ነው? ደግሞስ ለአንተ ጂፒኤስ ምን ያደርግልሃል? የዚህን አገር ምሰሶ ሁሉ በስሙ የምትጠራ ሰው!»

ስፌቱ ተቋረጠ። ሁለታችንም አቀረቀርን። ድምፁ ተመልሶ እስኪጀምር ጠበቀና፣ ታንከሯን በመዳፉ እያሻሸ ነገረኝ።

«ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ በላይ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ታውቂዋለሽ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

«እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማውቀው። ያን የመሸብኝ ቀን ገልጬው ጠፋኝ። ሞተሯን አጥፍቼ ቆምኩ። ግራውም መንገድ ነው፣ ቀኙም መንገድ ነው። የቤቴ የትኛው እንደሆነ ግን ከጭንቅላቴ ነቅለው የወሰዱት ይመስል ባዶ ነው። ምሰሶዎቹን አየሁ። ቁጥር የጻፍኩባቸው እኔ ነኝ። ምንም አልነገሩኝም። ኋላ አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ ገበያው በየት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ቤቴ በየት ነው ተብሎ አይጠየቅ ነገር።»

«ስልክህስ?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት። ምን ልበላት?»

ማልቀስ ሲገባኝ መናደድ ተፈጥሮዬ ነው። ተነሳሁ፣ ውሃ ጋኑ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ፈራሁለት። እሱ ለጠፋበት መንገድ እኔ ልሙትለት ብልም የምረዳው ነገር የለም። «ለእማዬ ንገራት» አልኩት።

«ከነገርኳት የምትሄደው ሞተሯ ብቻ አይደለችም። ከዚህ በር ብቻዬን አልወጣም። እዚህ ግቢ ውስጥ ስዞር እሞታለሁ፣ ሽቦ። መሣሪያው ላይ የሞላሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱን። ከየትም ቦታ ሆኜ ቤቱን ካሳየኝ ሌላው አይቸግረኝም።»

አንጀቴን በላው፤ ቢሆንም ቃሌን አልበላሁም። ከሞተሯ አስወረድኩትና ኃይሉን ከቁልፉ በኋላ አደረግኩት፣ ፊውዙን አስገባሁ፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ኮርቻውን መልሼ አሰርኩ። እሱም ካቻቢቴውንና ቁልፎቹን ከጨርቁ ላይ ሰበሰበ። ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር።

ቀያሹ በሰዓቱ መጣ። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ የደረሰ፣ ጨዋ ልጅ። አባቴን «ጋሼ» እያለ፣ ጎማውን አየ፣ ዘይቱን አየ፣ ሞተሯን አስነስቶ ሰፈሩን ዞሮ ተመለሰ። ፊቱ ላይ ነገሩ እንዳለቀ ያስታውቃል። ግቢ ሲገባም መርገጫው ላይ ቆሞ ነበር።

«ጤነኛ ናት፣ ጋሼ። ይቺ መሣሪያ ብቻ» ብሎ ሳቀ፤ «ሆዴን ነው የምታየው። ላቅናት።» እጁን ሰደደ።

«ተወው!»

አባቴ የልጁን የእጅ አንጓ ጨብጦታል። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ። ስፌቱ ቀጥ አለ። በሩ ተከፍቶ እናቴ ወጣች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ ስፒሎቿ ደረቷ ላይ ተሰክተው።

ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። ቀጥላ የመሣሪያውን ፊት አየች። ከዚያ የቀያሹን ቁመት፣ ከዚያ አባቴን። «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ውረድልኝ» አለችው ቀያሹን። «አንተ ደግሞ ውጣባት።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ውጣ አልኩህ።»

ወጣ። እግሩን በእጁ አሻግሮ ተቀመጠ። እናቴ ልብስ ለክታ እንደምታይ ራቅ ብላ ቆማ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ከዓይኑ እስከ መሣሪያው ያለውን በዓይኗ ለካችው።

«ልክህ ነው» አለች። «ትከሻህ ላይ ያለው ሸሚዝ እንኳ እንዲህ ልክህ አይደለም።» ድምፅዋ ዝቅ ማለት ጀመረ። «ጎማ ፈነዳብኝ አልከኝ። በነጋታው ሞተሯን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጎማው ጠጋኝ አልነካውም። ትነግረኛለህ ብዬ እስከ ዛሬ ጠበቅኩ። የት ነው የጠፋኸው?»

አባቴ «ካባው ጋ» አለ።

ሰማይ ይደፋብናል ብዬ ነበር። እናቴ ወደ ቀያሹ ዞረች። «ልጄ፣ ይቅር በለን። አደከምንህ። ሞተሯ አትሸጥም።»

«እናቴ፣ ዋጋው ካነሰ...» አለ ቀያሹ።

«ዋጋው አላነሰም። ሰውየው ነው ያልተሸጠው።»

ልጁ ነገሩ የገባውም ያልገባውም መሰለ። አባቴን ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ተሰናብቶን ሄደ። በሩ እንደተዘጋ እኔ ፈነዳሁ።

«እማዬ! ቃል ያስገባሽኝን ረሳሽው?»

«ቃሉን የሰጠሽው ለእኔ ነው። መልሼልሻለሁ።» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ መነጽሯን አድርጋለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ የአባቴን ትከሻ ተደግፋ፣ ከኋላው ወጣችና ተቀመጠች። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ አይቻት አላውቅም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞተር ትጠያለሽ እኮ!» አለ አባቴ ሳይዞር።

«እጠላለሁ። ዛሬም እጠላለሁ። ግን ያለ እኔ ከዚህ በር አትወጣም።» በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። «ሽቦ፣ ይሄን ነገር ከፍ አድርጊልኝ። ከዚህ የሚታየኝ የሱ ጆሮ ነው።»

ብሎኑን አላላሁ። የማቀፊያውን ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ አባቴ ግራ ትከሻ በኩል ሳብኩት። «አሁንስ?»

«ትንሽ። ትንሽ። እ፣ በቃ። አሁን ታየኝ።»

«እኔስ?» አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው። «እኔ ምን ልይ?»

«አንተ ድንጋዩንና ጉድጓዱን እይ። ቤታችን የት እንደሆነ እኔ አይልሃለሁ።»

አባቴ ቀያሹ ክፍት የተወውን ቁልፍ ዘጋ። መሣሪያውም አብሮ ጠፋ።

«ምነው ጠፋ?» አለች እናቴ።

«ከቁልፉ በኋላ ነው ያደረግኩት» አልኩ። «ባትሪ እንዳይጨርስ።»

«ታዲያ መንገድ ጠፍቶን ቆመን ስንጨነቅ ማን ሊነግረን ነው? እንዳይጠፋ አድርጊው። ባትሪውን ማታ ማታ እየመጣሽ ትሞያለሽ፤ ለመምጣት ምክንያት ይሆንሻል።»

«ጠፍቶን» ነው ያለችው። ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩና ፒንሳዬን አነሳሁ።

«በሉ ውረዱልኝ፤ ባትሪው ያለው ከሥራችሁ ነው።»

አልሰሙኝም። እናቴ እጆቿን በወገቡ ዙሪያ አሳልፋ ይዛዋለች። አባቴ፣ ያ አንድ ቦታ መቀመጥ የማያውቀው ሰውዬ፣ ቁልፉ በተዘጋ ሞተር ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ፒንሳዬን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኳቸው።