የእናት ወገን

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመው ነበር። አቶ ሀብተ ሥላሴ የካሣ አጎት ናቸው፤ ሐጂ ጣሃ ደግሞ እዚሁ አዋሽ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው። ካሣ ሚሌ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ልጄን ንጋትወርቅን አግብቶ ወደዚያ ሊወስዳት ይፈልጋል።

«የሟቹን የአቶ ይገዙን አጥንት እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። «ደዌ የሚባል የለበትም።»

እውነታቸውን ነው፤ ባለቤቴ ንጹህ ነበር። በእኔ በኩል ግን የቆጠሩት ዝምድናውን ብቻ ነው። ደዌ በአባት አጥንት ይወርዳል ብለው ያምናሉ።

ጠዋት ልጄ ንጋት፣ «እማዬ፣ ካልጠየቁሽ አትንገሪያቸው» ብላኝ ነበር።

«ካሣ ማወቅ አለበት።»

«ለካሣ አስበሽ ነው ወይስ ብቻሽን መቅረት ፈርተሽ?»

መፍራቴን ታውቃለች።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ደም የማይረጋበትን በሽታ ሰሌዳ ላይ ስስለው ቀላል ነው፤ እናት ሳትታመም ትሸከመዋለች፣ አንዱ ወንድ ልጇ ይታመማል፣ ሌላው ይተርፋል። ወንድሜ በስምንተኛ ቀኑ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ። ልጄ ገብረሥላሴም ጥርስ ተነቅሎ እንዲሁ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ምነው ዝም አሉ? የሐጂ ጉልበት ሊከዳቸው ነው!» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

«የእኔን ጉልበት ተወው፤ ወላሂ ቃሏን ሳልሰማ አልቀመጥም» አሉ ሐጂ ጣሃ።

«ልጄን የገደለው የደም ደዌ ከእኔ ወገን የመጣ ነው» አልኩ። «ንጋትም ልትሸከመው ትችላለች። ወንድ ልጅ ከወለደች ሊያገኘው ይችላል።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሳቁ። «በሴት የሚወርድ ደዌ ደግሞ የት አለ?»

ሐጂ ጣሃ አልሳቁም። «አንድ ልጅሽ ናት፤ መልቀቅ ከበደሽ» አሉኝ በለሆሳስ።

ከመጋረጃው ኋላ ንጋት ስትንቀሳቀስ ሰማሁ። እሷም እንዲሁ ነበር ያሰበችው።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ። «ተቀመጡ። ካሣን ግን ነገ ላኩልኝ።»

በማግስቱ ካሣ መጣ። ንጋት ከበሩ አጠገብ ቆመች። ስነግረው አላቋረጠኝም።

«ሴት ብትወለድስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሴቷ እንደ እኔ ልትሆን ትችላለች። ላይደርሳትም ይችላል።»

«ወንዱንስ ምን ላድርገው?»

«ሐኪም ሳያየው ምላጭ እንዳይነካው። እናትህ ቢቆጡም፣ ቄሱ ቢቆጡም።»

ካሣ ወደ ንጋት ዞሮ፣ «እናቴን አንቺ ትችያታለሽ፤ ቄሱን ለእኔ ተይው» አላት።

ሳቀች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም። ልትሸኘው አብራው ወጣች፤ የባቡር ጣቢያውን መንገድ ይዘው እያወሩ ሲሄዱ ድምፃቸው ራቀ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። ከሠርጉ በኋላ ቤቱ ምን እንደሚመስል አየሁት።