የዴንማርኳ ሞሚና ዘር

ሊሴ ከዴንማርክ ጭሮ ድረስ የመጣችው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ አክስቷ ኪርስተን እዚህ አገር ዘር ተክታ እንደሆነ። ጭሮ ኪርስተን የሚባል ሰው አያውቅም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነርስ ሆና ሚኤሶ የመጣችውን፣ ሐሰንን አግብታ እስልምናን ተቀብላ ሞሚና የተባለችውን ፈረንጅ ግን የማያውቅ የለም። ዓምና ሞታ እዚሁ ተቀበረች። ልጇ ሶፊያ ደግሞ ይኸው እንግዳዋ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች! ታዲያ "ዘር ተክታለች ወይ" ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

ሶፊያ ለእንግዳ ብላ ዋጠችው። የሚያስተረጉመውን መምህር ተስፋዓለምን፣ "ልጇ እኔ ነኝ በላት" አለችው። ሊሴ የሶፊያን ጠይም ፊት አየች፤ ደግማ አየች፤ አንድ ነገር ጠየቀች። ተስፋዓለም ጉሮሮውን ጠረገ።

"የወለደችሽ እሷ ናት ወይ ነው የምትለው።"

ይሄኔ የሐሰን ታናሽ ወንድም፣ የሶፊያ አጎት ጃዕፈር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጫታቸውን ወደ ጉንጫቸው ገፋ አደረጉና፣ "አይ፣ እሷስ አልወለደችም። ይቺን ከቦኬ ገጠር በጉዲፈቻ ነው ያመጣናት" አሉ።

ያ ረቢ! አፍ አለኝ ተብሎ እንዲህ ይባላል? ሽማግሌ መርቆ የሰጠው የጉዲፈቻ ልጅ፣ ልጅ ነው፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ "አልወለደችሽም" ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፤ ጠላት እንኳ በጠብ መሃል አያወጣውም። ጃዕፈር ደግሞ በምርቃቱ ቀን አሜን ካሉት አንዱ ናቸው! ፈረንጅ ሲያዩ እውነተኛ መሆን አማራቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሶፊያ እሳት ጎርሳ ተነሳች።

"አጎቴ፣ የማላውቅ መስሎዎት ነው? አውቃለሁ! ማወቅ ሌላ፣ በፊቴ መባል ሌላ! እናቴ ታማ ስትተኛ ያገላበጣት ማን ነው? ቦኬ ነው?" ወደ ሊሴ ዞረች። "አንቺስ? እሷ በሕይወት እያለች የት ነበርሽ? ዛሬ መጥተሽ ደም ትለኪያለሽ? ተርጉምላት፣ ተስፋዓለም! አንዲት ቃል እንዳታስቀር!"

ተስፋዓለም እያላበው ተረጎመ። የሊሴ ዓይን እንባ ሞላ፤ ቀስ ብላ ተናገረች፤ እሱም እየተከተለ አማርኛውን ሰጠ።

"ኪርስተንንም እኛ አልወለድናትም። አያቴ ናት ከሕፃናት ማሳደጊያ ወስዳ ያሳደገቻት። አያቴ በተናደደች ቁጥር 'አንቺ የእኛ ደም አይደለሽም' ትላት ነበር። አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። አባቴ እስኪሞት ድረስ 'እህቴ' እያለ ፈልጓታል። ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔም ሳላስበው በአያቴ አፍ ጠየቅሁሽ።"



ሞሚና ቁጡ ነበረች። ሶፊያ ከትምህርት ቤት ስትጠፋ፣ ከወንድ ጋር በባጃጅ ስትታይ፣ ሰፈር እስኪሰማ ጮኻባታለች፤ በጫማም መትታታለች። ያቺን ቃል ግን አንድም ቀን አልተናገረቻትም። ሶፊያ፣ እናቷ ይሄን ከአገሩ ወግ የተማረችው ይመስላት ነበር። ለካስ ቃሉ እንዴት እንደሚያም በገዛ አንጀቷ ታውቀው ኖሯል! ሶፊያ ንዴቷ ባሰ። ያቺን ያላየቻትን የዴንማርክ አሮጊት አሁን ብታገኛት፣ ወላሂ፣ አትምራትም ነበር።

"አቦ በቃ፣ አጥፍቻለሁ" አሉ ጃዕፈር። "ተስፋዓለም፣ ልጇ ናት ብለህ ንገራት።"

"ለእሷ አይደለም" አለች ሶፊያ። "ለእኔ ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ጫታቸውን ተፉ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል፣ "የሞሚና ልጅ ነሽ" አሉ።

"ጮክ ይበሉ!" አለች ሶፊያ። "እናቴም ትስማ።"