ሰባቱም የደገፉት ረቂቅ

የሰባት ጎረቤት አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች የመሠረቱት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ያን ዓርብ ስልኳን በክፉ ዓይን እያየች አረፈደች። ምኞቷ እንዳይጮህ ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አንድ አዳራሽ ሲገቡ መመሰጋገን እንጂ መስማማት ስለማይሆንላቸው፣ የዝምታ ደንብ የሚባል ነገር አውጥተዋል። ረቂቅ ይላክላቸዋል፤ እስከ ዓርብ ቀትር ማንም ምንም ካልጻፈ ጸደቀ ማለት ነው። አንዱ ከጻፈ ግን፣ ምንም ይጻፍ ምን፣ ጉዳዩ ለመጪው ዓመት ጉባኤ ይተላለፋል።

የአሁኑ ረቂቅ አምቡላንስ ድንበር ላይ ሳይቆም እንዲያልፍ የሚፈቅድ ነው። እስከ ዛሬ በሽተኛ ድልድዩ ጋ ይወርድና በቃሬዛ ተሸክመውት ተሻግረው ሌላ መኪና ላይ ይጭኑታል። የኃላፊዋ እናት ልባቸው ደካማ ነው። የሚኖሩት ወዲያ ማዶ ከታናሽ ወንድሟ ጋር፣ ሰኞ የሚታከሙት ወዲህ ማዶ። ሐኪሙ እንዳይንገላቱ ብሎ አስጠንቅቋል።

ስልኩ ጮኸ። ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ «አባባ» የሚላቸው አንጋፋው ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ በጎ ነገር በዝምታ ማለፍ ነውር መሰለኝ። ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ ብዬ አሁን ለሁሉም ጻፍኩ።»

«ጻፉ?» አለች።

«ምስጋና አያስፈልገውም፣ ግዴታዬ ነው» ብለው ዘጉት።

ሰውየው ደግ ናቸው፤ አንጀት የሚያሳርረውም ደግነታቸው ነው። ሌሎቹስ ከእሳቸው ሊያንሱ? አንዱ በደስታ፣ ሌላው በታላቅ ደስታ ደገፈ፤ አንደኛውማ ሐሳቡ ድሮም የኔ ነበር ብሎ ጻፈ። ቀትር ሳይደርስ ሰባቱም ደግፈው ረቂቁን ገደሉት።

ወደ ሕግ አማካሪው ቢሮ በረረች።

«አንድም የተቃወመ የለም እኮ።»

«ደንብ ደንብ ነው» አለ መነጽሩን እየጠረገ። «ደሞ ምን ያጣድፍሻል፣ ሁሉም ደግፈውት የለ?»

መነጽሩን ነጥቃ በመስኮት ብትወረውርለት ደስ ባላት። በሩን ብቻ ድርግም አድርጋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ደወለ።

«እትዬ፣ ምን ተባለ?»

«ሁሉም ደገፉት።»

«እሰይ። እንግዲያው ሰኞ አምቡላንሱ እማዬን ቀጥታ ያሻግራታላ?»

«አያሻግራትም።»

«ሁሉም ደግፈው?»

«ስለደገፉት ነው። አታስለፍልፈኝ በናትህ።»

«እሺ፣ እማዬን ምን ልበላት?»

«ሰባት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከጎንሽ ናቸው በላት። ቃሬዛውን የሚይዝልህ ጎረቤት ግን ከወዲሁ ፈልግ።»